ዘንዘልማን የከበብሁት እኔ ነኝ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ፣ ወንድምዬ ሰላሁዲን። እንዴት ሰነበትህ? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ጨጓራህ ተሻለህ? ባለቤትህ ሂክማና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። በወረቀት የጻፍሁልህም ስልክ ላይ ፊደል መንካት ስለፈራሁ ነው።

ወንድማችን አኒስ ከታሰረ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ያሳሰረውም የእኔና የአንተ ጨዋታ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለህ በሲዲ ያመጣህልንን ያን የመንግሥታት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ከአንተ እየተቀበልሁ እስከ ዛሬ አልለቀቅሁትም። ጎበዝ ተጫዋች አይደለሁም፤ ቀላሉን ደረጃ መርጬ፣ ጦርነቱን ትቼ፣ ጎተራና ቦይ ስሠራ ነው የማመሸው። ጣና ዳር መናፈስ ከቀረ ወዲህማ ከኮሌጅ ሥራዬ ስገባ ሁለት ሦስት ተራ ካልተጫወትሁ ቀኑ የዋለ አይመስለኝም ነበር። ከተሞቼንም እዚሁ ባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ ቦታዎች ስም ነው የምሰይማቸው፦ አንበሳሜ፣ ዘንዘልማ፣ ዓባይ ማዶ። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

ስልኬ ጥገና ገብቶ በአኒስ ስልክ ስንጻጻፍ አልነበር? ዘንዘልማን ተቀማሁ፣ ዙሪያውን ከብቤያለሁ ብልህ፣ «አንተ ጀግና፣ ዘንዘልማን ዛሬ ካላስመለስህ ምኑን ወንድ ሆንኸው! መድፉ ዓባይ ማዶ ደርሶ የለ?» ብለህ ላክህልኝ። በማግስቱ አኒስ ከሩዝ ሱቁ ሲመለስ ድልድዩ ላይ ወታደሮች ፈተሹት፤ ስልኩን አስከፈቱት፤ አነበቡት። በቃ።

እየሮጥሁ ሄጄ መልእክቱ የእኔ ነው፣ ጨዋታ ነው አልሁ። ቤት ሲፈትሹ ኮምፒውተሩን ስለወሰዱት የማሳየው ነገር የለኝም። መርማሪው ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ አልተቆጣኝም። መልእክቱ አንተ ነው እኮ የሚለው፣ አንቺ አይልም አለኝ። ወንድሞቼ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያቆላምጡኝ አንተ ነው የሚሉኝ ብዬ ማልሁለት። እሱም፣ እኔም ልጄን አንተ ነው የምላት፣ ወረቀቱ ግን ቁልምጫ አያውቅም አለኝ። ደግሞም ልጁ ራሱ፣ ለእኔ የተላከ ነው ብሎ ፈርሟል አለኝ። ለምን እንደፈረመ ገባህ? እኔን እንዳይነኩኝ ነው።

ስንቅ ላቀብል ስሄድ በሽቦው በኩል አየሁት። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። አንዲት ቃል ሳልተነፍስ «ሂጂ! አንቺ ምን አገባሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። አኒስ እኔን አንቺ ሲለኝ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዘበኞቹ እንዲሰሙት ብሎ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ ቤት እያለቀስሁ መጣሁ።

እማዬ አልሰማችም። ሩዝ ሊያመጣ ወረታ ሄዷል ብለናት፣ ሩዙን ዘርቶ ነው እንዴ የሚጠብቀው እያለች ትጠይቀናለች። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ጨዋታው ይናፍቀኛል። በራሴ አፍራለሁ።

በሚመጣው ሳምንት እስረኞቹን ወደ ሩቅ ቦታ ሊወስዷቸው ነው ይባላል። ስለዚህ መልእክቱን የላክሁት እኔ ነኝ፣ የላክሁትም ለእህቴ ለሱምያ ነው ብለህ ጽፈህ፣ ቀበሌህን ማኅተም አስመትተህ ፈጥነህ ላክልኝ። አንተንም ሊያስይዝህ ይችላል። ይህን እያወቅሁ ነው የምለምንህ፤ አትፍረድብኝ።

እማዬ እንደ ወትሮዋ ትመርቅሃለች። የአኒስ ሚስት ዘይነት ወሯ ገብቷል፤ ዱዓ አድርጉልኝ ትላለች። ሂክማን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን በየተራ ሳምልኝ። አኒስ ግን ሰላምታ አልላከልህም። መልእክቱን ማን ላከልህ ሲሉት፣ አላውቀውም፣ ታላቅ ወንድም የለኝም ብሎ ነው ቃሉን የሰጠው።

እህትህ ሱምያ
ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.