ቅንፍ ውስጥ ያለችው እህትህ

ልጄ ጥዑመልሳን፣ እመብርሃን ከዚያ ከኦስሎ ብርድ በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንህ። እኛ ደህና ነን። ሰፈራችንን ጀብራን አቧራ አፍኗታል፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ይሄዳል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ ሳልጨርስ «ካላስ፣ በቃ እማዬ፣ ሥራ ልገባ ነው» ስለምትለኝ ነው።

እህትህ ፅዮን ሒሳብ ወደቀች። የምታስጠናት የጎረቤታችን ልጅ ሰብለ ስህተቱን አሳየችኝ። ከቅንፍ ውጭ ሦስት አለ፣ ውስጥ ደግሞ ኤክስ ሲደመር አራት። ሦስቱ ሁለቱንም ማባዛት ሲገባው፣ ፅዮን ኤክስን አባዝታ አራትን እንዳለ ትተዋለች። ገጹ ሁሉ እንደዚያ ነው! ሰብለም፣ «ቅንፍ ማለት ቤት ነው፤ እንግዳ በር ላይ ያገኘውን ብቻ ስሞ አይመለስም» ብላ አስረዳቻት።

ደሜ ፈላ። «እኛ ቤት አንዱን ስሞ ሌላውን የሚዘል ማነው? ከየት ተማርሽው?» ብዬ ጮህኩባት። አንገቷን ደፍታ ምን አለችኝ መሰለህ?

«ከጥዑሜ። አጠገብሽ ተቀምጬ አንቺን ብቻ ሰላም ብሎ ይዘጋል።»

አንተ ባሕሩን ስትሻገር ሻማ ይዛ ከጎኔ የቆመችው እሷ አይደለችም? እንዲህ ነው ያሳደግኩህ?

በል፣ ማርያም እጅህን ትባርክ፣ የሰው ፊት አታሳይህ። አንዲት ነገር ልለምንህ፤ እሑድ ስትደውል እኔ ባነሳውም መጀመሪያ እሷን ጥራት። ፈተናዋ ሰኞ ነው።

እናትህ ብርቅነሽ