የፋና ምስማርና የሊቀ መንበሩ ክራሮች

ለክቡር አቶ ማዕረግ ሽታው
የሐይቅና የአምባሰል ክራር ሠሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣
እንዲሁም ክራራችንን ሁሉ የሚረከበው የደሴው መደብር ባለቤት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎንና በዚህ የኑሮ ውድነት መካከል እግዚአብሔር የሰጠዎትን የነጭ መኪናዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ስሙ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ፣ ከዓይኔና ከኅሊናዬ በቀር የሚያመኝ የለም።

ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት ግን የራሴን ጉድ ላውጣ። በዓይኔ ምሰሶ ተጋድሞ በእርስዎ ዓይን ያለውን ጉድፍ ብነካካ፣ ሰው ቀርቶ ደጄ ላይ የታሰረችው ፍየል ትስቅብኛለች።

እርስዎም ገበያውም የምታውቁኝ «ባለ ነጥቡ አሻግሬ» በሚል ነው። ነጥቧ በክራሩ ቀንበር ጀርባ፣ ክሩ በሚጠመጠምበት እንጨት ላይ፣ በጋለ ምስማር የምትተኮስ ጠባሳ ናት። ለማያውቅ ላስረዳ። አዲስ ክራር በወጠሩት ቀን ሁሉም ያምራል፤ ሌሊት የሐይቁ ጭጋግ ሲገባበት ግን ቆዳው ይለሰልሳል፣ ክሩም ይረግባል። ስለዚህ ማታ ተቃኝቶ በር አጠገብ ይሰቀላል፤ ጠዋት ሲመቱት ቅኝቱን ይዞ ከተገኘ «አድሯል» ይባላል፤ ያን ጊዜ ነጥቧ ትተኮስለታለች። ካላደረ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። ነጥብ ያለበትን ክራር ሰው ሳይመታ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነበር።

ታዲያ ያ የሚሰማ ጆሮ የእኔ አልነበረም። የባለቤቴ የፋና ነበር። እንጨቱን የጠረብኩ እኔ፣ ቆዳውን የወጠርኩ እኔ፣ «አላደረም» ብላ መልሳ እጄ ላይ የምታኖርልኝ ግን እሷ። ሰው «የአሻግሬ ጆሮ!» እያለ ሲያወድሰኝ፣ እሷ ጓዳ ሆና እየሰማች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እንደ ትሑት ሰው ፈገግ እል ነበር። ይህ አንዱ ነው። የባሰው ይከተላል።

ፋና በታመመች ጊዜ ጠርታኝ «ምስማሩን ለሀኒያ ስጣት» አለችኝ። ሀኒያ የጎረቤታችን የክራር ሠሪው የጁማ ልጅ ናት፤ ፋና ከልጅነቷ ጀምሮ አጠገቧ አስቀምጣ መስማትን ያስተማረቻት እሷን ብቻ ነው። እሺ አልኩ። ቀበርኳት። ምስማሩንም ከጣሪያው ወጋግራ ሥር ሸጉጬ ዝም አልኩ። ለምን ቢሉ፣ ነጥቧ ወደ ጁማ ቤት ከሄደች ገዥውም ተከትሏት እንደሚሄድ አውቅ ነበራ። ከዚያ ወዲህ በክራሮቼ ላይ ያሉትን ነጥቦች ሁሉ የተኮስኩ እኔ ነኝ፤ ማደር አለማደራቸውን ሳልሰማ።

ጉዴን ካወጣሁ ዘንዳ፣ አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፦ ኢኮኖሚ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል በመሆኑ፣ ዶላር ሲወጣ የመደብርዎ ክራር ዋጋ አብሮ የሚወጣበትን፣ ከእኔ የሚረከቡበት ዋጋ ደግሞ የሚወርድበትን ምክንያት በራሴ ልደርስበት አልችልም ነበር። የማኅበሩን ስብሰባ ጠርተው «ጊዜው ክፉ ነው፣ ችግሩን እንካፈለው» ሲሉን ገባኝ። በእውነትም ተካፍለነዋል፤ ችግሩ ለእኛ ደረሰን። ከጓሮዬ የቆረጥኩት ዋንዛ ዶላር የሚባል ነገር በዕድሜው አይቶ ባያውቅም፣ ለአገር ጉዳይ ነውና ቅናሹን ተቀብሏል።

ሁለተኛ፦ ስለ ቆዳው ምክርዎ። ሰው ለበዓል እንኳ ፍየል ማረድ ትቶ ቆዳ ሲጠፋብን፣ በመላ የማይታሙት እርስዎ «የዘይት ጀሪካን ቀድዳችሁ ወጥሩ፤ ማን ይሰማዋል?» ብለውናል። ወጠርን። ጁማ አንዱን ሠርቶ ሲመታው ሽሮ እንደሚንተከተክበት ድስት አለና «ይሄስ ከነወጡ ነው፣ እንጀራ አምጡ!» ብሎ ግቢውን በሳቅ ገደለው። እርስዎ ግን ሳይስቁ ተረከቡት፤ ለሆቴል ግድግዳ ሸጡት። ለትዕግሥትዎ አድናቆት አለኝ።

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን የሚነካ ስለሆነ አልጽፈውም። የሰጡት ምንጣፍ ግን ያምራል፤ ስምዎም በድምፅ ማጉያው ጥርት ብሎ ተሰምቷል።

አራተኛ፦ ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ነው። ፋና በሞተች በዓመቱ መኪናዎን ግቢዬ ድረስ አስገብተው፣ ነጥብ የሌላቸውን ክራሮች እንደ ማገዶ አራግፈው፣ «አያ አሻግሬ፣ ነጥብ እንደሁ ምስማር አይጨርስም፤ ምን ይጎዳዎታል?» ያሉኝን አልረሳውም። እውነት ነው፤ ምስማሩ አላለቀም። ያለቀው ሌላ ነገር ነው። ከክራሮቹ አንዳንዶቹን ወንበርና ቁም ሣጥን የሚሠሩ አናጢዎች በትርፍ ጊዜያቸው የገጣጠሟቸው ነበሩ። ሌሎቹ ግን የጁማ ነበሩ፤ አይቼ አውቄአቸዋለሁ፤ የቆዳውን ስፌት ወደ ግራ የሚጠመዝዝ በዚህ አገር እሱ ብቻ ነው። ጁማን «ነጥብ የለውም፣ ከግድግዳ ጌጥ አያልፍም» ብለው ነው የተረከቡት። ያው ክራር እኔ ግቢ ገብቶ ነጥብ ያወጣል፤ ደሴ ሲደርስ የአሻግሬ ክራር ይሆናል። ድርሻዬንም ሰጡኝ፤ ሳላቅማማ ተቀበልኩ። የፋናን የሙት ዓመት ተዝካር ያወጣሁት በዚያ ብር ነው። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱላት እኔ ከድንኳኑ ጥግ ሆኜ ጠላ ስቀዳ ነበር፤ ቀና ብዬ ግን ማየት አልቻልኩም።

ይህን ሁሉ ያደረግነው፣ እርስዎም እኔም፣ «ኑሮ ከበደ» እያልን ነው። ብቻዬን በምቀመጥባቸው ምሽቶች ነገሩን ሳገላብጠው ግን፣ ችግር ውሸት እንዳላስተማረኝ ገባኝ። ለነበረኝ ውሸት ስም ነው ያወጣለት።

አምስተኛው ምስጋናዬ ከግሸን ማርያም ይጀምራል።

ለግሸን ንግሥ እርስዎ ከተራራው ሥር ድንኳን ተክለው ለምእመናን ክራር ሲሸጡ፣ ጁማም እንደ ልማዱ ለበዓልተኛው የሚሸጥ ሽምብራ ይዞ ሄዶ ነበር። አልፎ ሲሄድ የገዛ ክራሩን ተሰቅሎ አየው። ስፌቱ ወደ ግራ፤ ቀንበሩ ላይ ነጥብ። እርስዎን ምንም አላለም፤ ሽምብራውን ጠቅልሎ ቀጥታ እኔ ደጅ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለና «አያ አሻግሬ፣ ሰው የሰውን ልጅ አባቷ ሳያውቅ ይድራል እንዴ? ለሠርጉ እንኳ አትጠሩኝም?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ከዚያም ወላሂ እያለ ነገረኝ፤ ለእሱ ክራር ከግድግዳ ዋጋ በላይ የሚሰጥ ስለጠፋ ሀኒያ ፓስፖርት አውጥታለች፤ ደላላ ይዛ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው። የሰው ቤት ልታጥብ። በዚህ ወረዳ የአንድን ክራር ማደርና አለማደር የሚያውቅ የቀረው ጆሮ፣ የልብስ ማጠቢያ መኪና ሲያጓራ ሊሰማ ነው።

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ምስማሩን ከወጋግራዬ ሥር ሸጉጬአለሁ። ሀኒያ በአባቷ ክራር ላይ በገዛ እጇ ነጥቧን ብትተኩስ ኖሮ ገዥው እሷ ደጅ ይቆም ነበር። ጁማ ይህን አያውቅም፤ ፋና ለእኔ ብቻ ነውና የተናገረችው። ውሃ አጠጥቼ ሸኘሁት።

በማግስቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግሬ ሄጄ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስግደትና ጾም ይሰጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አባ ግን እስከ መጨረሻው ሰምተው «ለእኔ በጓዳ ነገርከኝ፤ የሸጥከው ግን በገበያ ነው» አሉኝና በመስቀላቸው ባርከው አሰናበቱኝ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በመደብርዎ በር፣ በሐይቅ መናኸሪያና በቅዳሜ ገበያው ዋርካ ላይ ተለጥፎ ቢያገኙት፣ እርስዎን ለማዋረድ ሳይሆን የንስሐዬ ሥርዓት ሆኖብኝ መሆኑን ይረዱልኝ። ስምዎ አብሮ የተነሣው ኃጢአቱን ብቻዬን ስላልሠራሁት ነው፤ ብቻዬን ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ክብሩን ሁሉ ጠቅልዬ በወሰድኩ።

በመጨረሻም በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህን ነው። ከፋና ሞት ወዲህ የተተኮሰ ነጥብ ሁሉ ምንም አይመሰክርም፤ ነጥብ አይተው የገዙ ሁሉ ተሞኝተዋል፤ ያሞኘኋቸውም እኔ ነኝ። ከመደብርዎ በላይ የተሰቀለውን «እውነተኛው ባለ ነጥብ ክራር» የሚለውን ሰሌዳ ቢያወርዱልን፣ እንጨቱ ጥሩ ዋንዛ ስለሆነ ሁለት ክራር ይወጣዋል። ካላወረዱትም ግድ የለም፤ ጥላው ለመንገደኛ ይጠቅማል።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ የሠሩትን ሁሉ በጆሮዎ እስኪሰሙ ድረስ።

ሁልጊዜም ክራር ሳይሠሩ ለክራር ሠሪዎች በመሰብሰብዎ የሚያደንቅዎት፣ በወንጀሉ ባልደረባዎ፣ በዋጋው ግን ከቶ ባልደረባዎ ሆኖ የማያውቅ፣

አሻግሬ፣ የፋና ባል
ሐይቅ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት ሁሉ
ነጥብ አይተው ለገዙ ሁሉ፣ ከይቅርታ ጋር
ለጁማ፣ በሚያነብለት ሰው በኩል

ማስታወሻ፦ መደብርዎ መስታወት ላይ በተለጠፈው ትልቅ ፎቶግራፍ ክራሩን ታቅፈው ሲስቁ አይቼ ደስ ብሎኛል። ክራሩ ግን የተዘቀዘቀ ነው። ለሊቀ መንበር ይህን የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል።

ሌላም አለ። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልለጥፈው፣ ምስማሩን ከወጋግራው አውጥቼ በፋና ነጠላ ጫፍ ጠቅልዬ ጁማ ቤት ሄድኩ። ነገሩን ለአባትና ለልጅ ከሥሩ ነገርኳቸው። ጁማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋበት። ሀኒያ ጨርቁን ፈታ ምስማሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችውና «የእትዬ ፋና ነው» አለች። ደላላው ሐሙስ ይመጣል፤ ፓስፖርቷም አሁን ሳጥኗ ውስጥ ነው። ምን እንደምትለው አልጠየቅኳትም፤ የመጠየቅ መብቴን ከወጋግራው ሥር አሳድሬዋለሁና።

በብብቴ አዲስ የሠራሁት ክራር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለእሱ ነጥብ ተስፋ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ሀኒያ ማታውን ቃኝታ በራቸው አጠገብ ሰቀለችው። ጠዋት ስመለስ የንጋቱን የሱብሒ ስግደት ጨርሳ፣ እኔ ፊት አንድ አንድ ክሩን መታችው፤ እንደ ፋና አንገቷን ዘንበል አድርጋ።

«አያ አሻግሬ፣ አላደረም» አለችና መልሳ እጄ ላይ አኖረችው።

የእርስዎንም ክራሮች ይዘው ቢመጡ በሯ ክፍት ነው፤ ማደር አለባቸው እንጂ። እኔ ክራሬን ታቅፌ ተመለስኩ፤ ምስማሩን እዚያው ትቼ።