ከአጥር ላይ የተሰረቀ ፖም

ለምወድህና ለማከብርህ፣ ኩርኩምህም እስከ ዛሬ አናቴ ላይ ለሚሰማኝ ወንድም ጋሼ፦

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህስ እንዴት ናት? መንትዮቹ ጥርስ አወጡ ወይስ አሁንም በድዳቸው ነው የሚያስፈራሩህ? የአባባስ ጉልበት ተሻለው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ። እዚህ ግንቦት ገብቶም ካፖርቴን አላወለቅኩም።

በደብዳቤህ "ለመሆኑ ያ የምትሠሩት ወይን ጠጅ ምን ምን ይላል?" ብለህ ጠይቀኸኛል። ነጭ ነው፤ ሻርዶኔ ይሉታል። አገሩ ብርድ ስለሆነ ወይኑ ፀሐይ ጠግቦ አያውቅም፤ ጠጁም እንደኔ ቀጭንና ነገረኛ ነው። መጀመሪያ ሎሚ ሆኖ ምላስህን ይቆነጥጥሃል፣ ቀጥሎ ያልበሰለ ፖም ይሆናል፣ ከዋጥከው በኋላ ደግሞ ዝናብ የመታው ድንጋይ አፍህ ውስጥ ይቀራል። "ድንጋይ ልሰሽ ታውቂያለሽ ወይ?" እንዳትለኝ፤ ልጅ ሆኜ ያልላስኩት ምን አለ? በእንጨት በርሜል ጥቂት ወር ሲቀመጥ ጠባዩ ይለዝባል። ከልክ ካለፈ ግን እንጨቱ ይውጠዋል፤ ሎሚውም ፖሙም ጠፍቶ ሳንቃ መላስ ይሆናል። ጥበቡ ሁሉ መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ነው።

ያንን የሚያውቁት የቤቱ አባት ናቸው። እኛ በርሜል አጣቢዎቹ፣ እሳቸው በሌሉበት "አያ አፍንጫ" እንላቸዋለን። ሥራው የቤተሰብ ነው፤ እሳቸው ይቀምሳሉ፣ ልጃቸው ታዛለች። ሁልጊዜ ጠዋት ሰባቱን በርሜሎች በተራ ቀምሰው፣ የቀመሱትን በጠመኔ በርሜሉ ግንባር ላይ ይጽፋሉ። ልጃቸውም እሱን አንብባ ነው "ይህ ይውጣ፣ ያ ይቆይ" የምትለን።

መቼም እጄን ታውቀዋለህ፣ ሥራ ሲፈታ ተንኮል ይሠራል። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ውሃ ላይ ጥቂት ሻይ ጠብ አደረግሁበትና፣ ቀለሙ ቁርጥ ወይኑን ሲመስል፣ "አባት፣ ከሰባተኛው ቀድቼልዎታለሁ" ብዬ ሰጠኋቸው። ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ለማየት ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። አሸተቱ፣ አፋቸው ውስጥ አንከባለሉ፣ ተፉ። ከዚያ "ሎሚ አለው፣ ፖም አለው፣ ድንጋይም አለው፤ ይቆይ" አሉና ጠመኔያቸውን አነሱ።

ዞር ሲሉ ሰባተኛውን ራሴ ቀመስኩት፤ ሳንቃ ሳንቃ ይላል! በርሜሎቹን ዞሬ ባይ፣ ከሁለት ወር በፊት ያ ክፉ ጉንፋን ከያዛቸው ወዲህ በሁሉም ላይ የተጻፈው ያው አንድ ነው፤ ይቆይ፣ ይቆይ፣ ይቆይ። ሰውየው ማሽተትም መቅመስም አቁመዋል ማለት ነው። የዓመት ልፋታቸውን እንጨት እየበላው፣ እሳቸው ምስጢራቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

ሁለት ቀን በርሜል እያጠብኩ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ለልጃቸው ብነግር እሳቸውን ማዋረድ፣ ዝም ብል ወይኑን መግደል ሆነብኝ። በሦስተኛው ቀን የሻዩን ነገር ለራሳቸው ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ በሐሳቤ ሻንጣዬን ሸክፌ ጨርሻለሁ። ጠመኔያቸውን በጣታቸው አገላበጡ። ከዚያ "ሻይ ነበር?" አሉኝ። "አዎ አባት" አልኩ። "ስኳርስ ነበረው?" ሲሉኝ "የለውም" ብላቸው፣ "ንፉግ!" አሉኝና ሳቁ። ሲስቁ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከዚያ ወዲህ እኔ እቀምሳለሁ፣ እሳቸው ይጠይቁኛል። "የት ነካሽ? የምላስሽን ጫፍ ወይስ ጎኑን? ቶሎ ሄደ ወይስ ቆየ?" ይላሉ። እኔ ስድስተኛ ክፍልን በአጥር ዘልዬ የሄድኩት ሰው በምን ቃል ልመልስ? በማውቀው ነዋ! ስለ ሦስተኛው በርሜል "ከጎረቤት አጥር ላይ ሳይበስል ሰርቀን የበላነው ፖም ነው፤ ጥርስ ያጠርሳል፣ ግን ድገሚኝ ድገሚኝ ይላል" አልኳቸው። እሳቸውም ቃሌን ሳያጎድሉ ጻፉት።

ያ ነው ያጋለጠን። ልጃቸው በርሜሉ ፊት ቆማ አነበበችና "አባቴ በዕድሜው ፖም ሰርቆ አያውቅም" አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ፊቴ እንደሆነ የሌባ ነው። ውሸት አላጣሁም ነበር፤ ግን እሳቸው ቀደሙኝ። ጠመኔውን አስቀምጠው "አፍንጫዬ ጥሎኝ ከሄደ ቆየ ልጄ፤ አንቺን ፈርቼ ነው" አሏት። የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ አለችና "እኔን? እኔን አባዬ?" ብቻ አለች። ቆይታ ተነሣችና ሦስት ብርጭቆ ይዛ መጣች።

በዚያው ቀን የስድስቱን በርሜሎች ወይን ከእንጨት አወጣነው። ሰባተኛው አልዳነም፤ ለቤት ቀርቷል፣ ሳንቃ የሚወድ ይጠጣው። አያ አፍንጫ አሁንም በየጠዋቱ እያንዳንዱን ብርጭቆ ያሸታሉ። "ለምን ይደክማሉ?" ብላቸው፣ "ድንገት ተመልሶ ቢመጣ፣ ቤት ዘግተው ሄደዋል እንዳይል" አሉኝ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ባለፈው "አባባ የነገርኩትን ሁሉ ጥሩ ነው ይላል፤ ልፈትነው ብዬ ጣሪያችንን ነፋስ ወሰደው ብለው፣ እሰይ፣ ጥሩ ነው አለኝ" ብለህ ጽፈህልኝ በሳቅ ሞቼ ነበር። ተንኮሉ በዘር ነው ለካ! ወንድም ጋሼ፣ እሱንም እኮ ሻይ ነው ያጠጣኸው። ሁለተኛ እንዳትፈትነው። ይህችን ለብቻህ ያዛት፤ ታናሼ መከረችኝ ብለህም ኩርኩም አታዘጋጅ፣ እጅህ እዚህ አይደርስም።

ሚስትህን ሳምልኝ። የመንትዮቹን ጉንጭ ንከስልኝ፣ እነሱ እስኪነክሱህ ድረስ። ለባለ አጥሯ ጎረቤታችን ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የፖሙን ነገር ግን አደራህን።

ለአባባ የቀረውን ደብዳቤ በቀኝ ጆሮው በኩል ተቀምጠህ አንብብለት። ስኳሩ ጋ ስትደርስ ቀና በልና ፊቱን እየው። ከሳቀ ሰምቷል። ካልሳቀ አትጩህበት፤ ቀረብ በልና ድገምለት።

እህትህ፣ በርሜል አጣቢዋ
ከበርሜሎቹ ቤት፣ ግንቦት 9 ቀን