የባለቤቴን የዓሣ ገንዳ ላጠቡልኝ የእድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ብርሃነመስቀል
የብሎካችን እድር ሊቀመንበር
መሪ ሰፈር

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናውን እንደ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ሳይሆን ሳያቋርጥ ይስጥዎ። ይህን ደብዳቤ የብሎኩ መግቢያ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ውለታ በጓዳ ሲመሰገን ስለማያምር ነው።

በባለቤቴ በታዴዎስ ለቅሶ ድንኳን ያስተከሉት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጄ ያልጠፉት እርስዎ ነዎት። እሱን ብክድ አፈር ያርገኝ። ያቃተኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ደግነትዎ ነው።

እንደሚያውቁት ታዴዎስ ሳሎናችን ውስጥ የዓሣ ገንዳ ነበረው፤ ውሃው ውስጥ ተክል ሳይቀር ይተክል ነበር። "ሰው በረንዳው ላይ ጎመን ይተክላል፣ ያንቺ ባል ለዓሣ ሣር ያበቅላል" እያሉ ጎረቤቶች ሲስቁብኝ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። እሱ ሲሞት ለተክሎቹ አዝኜ፣ ፀሐይ ያግኙ ብዬ፣ ገንዳውን መስኮት ሥር አስጠጋሁት። ዓሦቹም አባት የሞተባቸው ልጆች እየመሰሉኝ በቀን አራቴ አበላኋቸው። በሁለት ሳምንት ውሃው የጎመን ቅቅል መሰለና ዓሦቹ ከዓይኔ ጠፉ። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ ላይ አልጽፈውም።

ሾላ አካባቢ ዓሣ የሚሸጠው ከማለዲን "እትዬ፣ አልጌ ነው፤ ብርሃንና ምግብ ሲበዛለት ይራባል። ገንዳውን ይሸፍኑት፣ ምግቡን ይቀንሱ፣ ውሃውን ጥቂት ጥቂት ይቀይሩ፤ ችኮላ አይወድም" አለኝ። በታዴዎስ ጋቢ ሸፈንኩት። የቧንቧ ውሃ በባልዲ እያሳደርኩ፣ የማከሚያው የክሎሪን ሽታ ሲጠፋ በጣሳ በጣሳ ጨመርኩለት። በአርባው ዋዜማ ጋቢውን ገለጥ ባደርግ አንዲት ቀይ ዓሣ ታየችኝ! እልል አልኩ። እማማ የሺሃረግ ከላይ ወርደው "አንቺ፣ ሐዘንተኛ እልል ይላል እንዴ?" ብለው ገሠጹኝ።

በማግስቱ ለፍትሐቱ ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ ወንበር እንዲያስገቡልኝ ቁልፌን እንደ ደንባችን ለእርስዎ ሰጠሁ። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፤

1. ጋቢውን አንስተው በወግ በወጉ አጣጥፈው ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ።

2. "እንግዳ ይህን አይቶ ምን ይለናል?" ብለው ውሃውን እስከ ጠብታው ስለደፉት፣ መስታወቱን በድስት ሽቦ ስለፈተጉት፣ ጠጠሩንም ተክሉንም በበረኪና ስለዘፈዘፉት፣ ከዚያም ከቧንቧው በቀጥታ ሞልተው ዓሦቹን ስለመለሷቸው እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ከእንጦጦ ስመለስ ውሃው ጥርት ብሎ ነበር፤ ምንም የሚደበቅ ነገር አልነበረውም። ሰባቱም ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። እርስዎ ገና እጅጌዎን ሳያወርዱ "እንዴት ነው፣ አማረ አይደል?" ሲሉኝ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩዎት። ምን ልበል? ቤት ሙሉ እንግዳ ተቀምጦ፣ በባሏ አርባ ለዓሣ የምታለቅስ ሴት ምን ትባላለች? ስነፋረቅ ሁሉም ለታዴዎስ መሰላቸው። አልተሳሳቱም።

3. ባለፈው ስብሰባ "ባዶ ከሚቀመጥ ገንዳው ለእድሩ ይሰጥ፣ ማስታወቂያ እንለጥፍበታለን" ስላሉም አመሰግናለሁ። ግን ባዶ አይደለም። ከማለዲን መጥቶ ጠጠሩን ሲያገላብጥ አንዲት ያልሞተች ሥር አግኝቷል፤ ታዴዎስ በእጁ ከተከላቸው የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ትያዝ አትያዝ ገና አልታወቀም። ስለዚህ ቁልፌን ቢመልሱልኝ። ጎረቤት ከጎረቤት ቁልፍ መልሶ መቀበል ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነውሩን እኔው ልሸከመው።

በዚህ ሁሉ ትጋትዎ እጅዎን ድካም እንዳይነካው፣ ትንሽ ዕረፍትም እንዲያውቅ እየተመኘሁ፣

ጎረቤትዎ ዘቢደር
ሦስተኛ ፎቅ

ማስታወሻ፦ የፊታችን ቅዳሜ ልብስ የሚያጥቡልኝ ሴቶች እንደመደቡ ሰማሁ፤ ኑሩልኝ። መኝታ ቤቱ በር ጀርባ የተሰቀለው የታዴዎስ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ወዝ አለው። ቆሻሻ አይደለም።