ሎላ አትወልድም

እሁድ፣ ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 10 ሰ.
ውሻዬን ሎላን በቁንጫ ሻምፖ አጥቤ አሁን ቁጭ አልኩ። ሆዷ እንደገና ቀልቷል። ብብቷ ሥር ፀጉር የሚባል የለም፤ አክካ አክካ ጨረሰችው። አቶ ወልዴ ዛሬም ውሻቸውን ጃክን ይዘው መጡ። ሜክሲኮ አካባቢ ሱቅ አላቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንደኔው ብቻቸውን ናቸው። ሁለቱም ንጹህ ጀርመን ሼፐርድ ስለሆኑ እናገናኛቸው፣ ቡችሎቹን እንካፈል ነው ነገሩ። ስለ ቡችሎቹ ግን ብዙም አላወራን። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ድሮ ፊልም። ሳቅሁ። ፍ/ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር እተይባለሁ፣ ማስታወሻዬ፤ እኔን የሚያናግረኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ከሥራ አስፈቅጄ ሎላን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶ/ሯ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ጆሮዋን፣ መዳፏን ሁሉ አየች። እናቷስ ታክክ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ፤ ሻጩ ቁንጫ ነው ብሎኝ ነበር። አይደለም አለች። ከዘር የመጣ የቆዳ አለርጂ ነው፤ በዚህ ዝርያ ላይ ይበዛል። ወደ ሰው አይጋባም። ጨርሶም አይድንም፤ በመድኃኒት ጋብ ይላል።
«እማማ፣ እንዳያስወልዷት» አለች ስወጣ። «ቡችሎቹም እንደሷ ሲያክኩ ነው የሚኖሩት።»
እማማ! መንገዱን ሁሉ ተናደድኩ።

ማታ። ዝም ብልስ? ጃክ ጤነኛ ነው። ምናልባት ቡችሎቹ እሱን ይመስሉ ይሆናል። ዝም ካልኩ አቶ ወልዴ እሁድ ይመጣሉ።
ሎላ መዳፏን ትልሳለች። ደምቷል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። የሱቃቸው ሬዲዮ ይሰማኛል።
«ደግ አደረጉ ስለነገሩኝ» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ለጃክ ሌላ እፈልጋለሁ።»
ስለ እሁድ አላነሱም። ውሻውን ይተዉት፣ ዝም ብለው ይምጡ ማለት እንዴት ያቅታል? አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 1 ሰ.
ቤት ጠረግኩ። ፀጉሬን ሠራሁ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። በር ተንኳኳ፤ እየሮጥኩ ከፈትኩ። የጎረቤቴ ሠራተኛ ናት፤ ሽንኩርት ልትበደር። ሎላን ስታይ ወደ ኋላ አለች። አይጋባም አልኳት። አላመነችኝም።
መሸ። የመጣ የለም።
ለዶ/ሯ ደወልኩ። ማክሰኞ አስመክናታለሁ። ሚኒባስ ውሻ አይጭንም። በእግር እንሄዳለን፣ እኔና እሷ።