ምድጃ ላፈረሰው ባሌ

ጥር 9 ቀን፣ ጠዋት

ይድረስ ለንዴቴም ለናፍቆቴም ለሆንከው ባለቤቴ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ እህትህ ቤት ተቀምጠህ ጉንጭህ መሙላቱን ሰምቻለሁ። እኛም አለን፣ መኖር ይሉት ከሆነ።

«አዲሱ ምድጃ መሥራቱን ሰማሁ፤ አላልኳችሁም?» ብለህ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ምን ነበር ያልከን? የአባትህን ዳቦ ቤት የእንጨት ምድጃ በአንድ ቀን አስፈርሰህ፣ የኤሌክትሪኩን አስገብተህ «በቃ፣ ከእንግዲህ ጭስ የለም!» ብለህ ብቻህን አጨበጨብክ። ዳቦው ውጪው አርሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ሲወጣ፣ ደንበኛው ባንኮኒው ላይ እየወረወረ ሲሰድበን፣ «ኋላ ቀሮች!» ብለህ ሻንጣህን አነሳህ። የተሰደብኩት እኔ፣ የተቀየምከው አንተ!

በሄድክ ማግስት ዋናውን ጋጋሪ፣ ጋሼን፣ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው። ዞር ስንልላቸው ሙቀቱን ከፍ ሲያደርጉ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ በገዛ ጉሮሯችን ላይ?» አልኳቸው።

«ምድጃዬን ሲያፈርስ ማን ጠየቀኝ? እንደ አሮጌ ወንበር ገፋ አድርጎኝ ነው ያለፈው።»

አዘነችላቸው ብለህ እንዳታስብ። ሽርጣቸውን ቀምቼ አባረርኳቸው። ሌሎቹም ሠራተኞች ተከትለዋቸው ወጡ። ብቻዬን አቦካሁ፣ ብቻዬን ጋገርኩ፣ ክንዴን ተቃጠልኩ። ያ የምታመልከው ምድጃህም ቢሆን መላእክት የሠሩት አይደለም፤ መብራት በተዋዠቀ ቁጥር ዳቦው ይሟሽሻል። ይህንን ማን ነገረን? አንተ የሞከርከው ሻጩ ሱቅ ውስጥ ነው፤ እኛ የምንጋግረው እዚህ ነው።

ሲጨንቀኝ ጋሼ ቤት ሄድኩ። የታሰረ ክንዴን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አነሱ። «ላንቺ ብዬ ነው፤ ለዚያ ቆርቆሮ አይደለም» አሉ።

እንዴት እንደተጣላን ብታይ! በጨው ተጣላን፣ በእርሾ ተጣላን። ምድጃው ሙቀት እንዲይዝ ወለሉ ላይ ጡብ ደረደርን፤ ብታይ ታብድ ነበር። የዳቦውን መጠን አሳነስን። ስንቱን ለውሻ ጣልን። በመጨረሻ ዳቦ ወጣ። የአባትህን አይመስልም፤ አንተ የፎከርክበትንም አይመስልም፤ ግን ይበላል። ፊቴ ላይ ዳቦ የወረወረችው ጎረቤታችን አሁን ሰልፍ ይዛ «እኔ እኮ ድሮም አዲሱን ነው የምወደው» ትላለች። ትኩሱን መልሼ ልወረውርባት እጄን በላኝ።

አሁን ደግሞ የዳቦ መቁረጫ ማሽን ይዘህ ልትመጣ ነው አሉ። ጋሼ ሰምተው «እሱ በዚህ በር ከገባ እኔ በዚያ እወጣለሁ» አሉኝ። «የሚወጣ የለም፤ የሚገባውንም የምመርጠው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ልጅህ ደህና ናት። «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝ «ንዴቱ ሲበርድ» እላታለሁ። የማን ንዴት እንደሆነ ግን አልነግራትም።

የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ቀይሬዋለሁ። ከመጣህ እንደ ሰው አንኳኳ። «ማነው?» ሲባል ከስምህ በፊት ይቅርታህን አስቀድም፤ መጀመሪያ ለጋሼ። የእኔው ረጅም ስለሆነ ቁጭ ብለህ ነው።

አምላክ ጤና ይስጥህ፤ ልብም ጨምሮ።

እስካሁን ያልፈታችህ
ሚስትህ