ትከሻዋ ላይ የቀረው እጅ

ውድ ልጄ ጌዲዮን፣

«ውድ» የሚለውን ያስገባችው ጎረቤታችን ድንቅነሽ ናት። ደብዳቤ ያለ እሱ አይጀመርም አለችኝ። ይሁን፣ ይቀመጥ። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኔ የአባትህ ቃል ነው፤ እሷ እጇን ብቻ ነው ያዋሰችኝ። ለምን አልደወልክም እንዳትለኝ። ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» ትላለህ።

የወንድምህን ፎቶ ቆርጠሃታል።

የትኛዋ ፎቶ እንደሆነች ረስተህ ከሆነ ላስታውስህ። ወንድምህ ቀናው ክር ፋብሪካ የተቀጠረ ዕለት፣ እዚሁ በሰቃ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ እናትህን አቅፎ የተነሳት ናት። በዓመቱ ሞተ። ሌላ ፎቶ የለውም። በቀብሩ ቀን ደረትህ ላይ አድርገሃት ከሬሳው ፊት የሄድከው አንተ ነህ።

ዘንድሮ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ የፍሬሙን ጀርባ አበሰበሰው። ፎቶዋን አውጥቼ ሳደርቃት ጫፎቿ ተጠቀለሉ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አንተን ጠራሁ። ምን አልኩህ? በንጹሕ ጨርቅ መሐል አስተኛት፣ የልብስ ሳጥኑን ጫንባት፣ እስክትዘረጋ ጠብቃት፣ ከዚያ ማዕዘኖቿን ብቻ በወረቀት ያዝ፣ ኮላ አታስነካት አልኩህ።

አንተስ? «አባዬ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነገር ነው፤ የኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ሳያመልጠኝ አሁኑኑ ልጨርስልህ» አልክ። ጀርባዋን በሙሉ ኮላ ቀብተህ ካርቶን ላይ ለጠፍካት። እናትህ ግንባር ላይ አረፋ ሲወጣ በማንኪያ ጀርባ ጨፈለቅከው። እኔ ውሃ መጥቶ በርሜል ልሞላ ወጣሁ። የተጠቀለለው ጫፍ አልተኛም ሲልህ፣ ከሳሪስ አቦ ገበያ ያመጣኸው ፍሬምም ሲጠብህ፣ መቀስ አነሳህ። ስመለስ ግድግዳው ላይ ሰቅለሃት «ይኸው፣ እንደ ጠረጴዛ ዝርግት ብላለች» አልከኝ። ዓይኔ ደካማ ነው። መዘርጋቷን ብቻ አየሁና መረቅኩህ።

ምርቃቴን መልስልኝ።

የሰንበቴ ተራችን ደርሶ ሰዎች ሲመጡ ከማኅበርተኞቹ አጥናፉ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለና «ፈቀደ፣ አስቴር ትከሻ ላይ ያለው የማን እጅ ነው?» አለኝ። የማን እጅ ነው አለኝ፣ ጌዲዮን። በሰው ፊት። ቀርቤ ባይ ከዚያ እጅ በቀር ልጄ የለም።

ድንቅነሽ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሽ ፈቀደ፣ ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ ክስ? ትንሽ ላለስልሰው?»

«እጅሽን ነው የተዋስኩት፤ ምላስሽን ለባልሽ አስቀምጪለት።»

ሳቀች። ግን ጻፈች።

ቁራጩን ያመጣችልኝ ሚስትህ እየሩሳሌም ናት። ሱሪህን ልታጥብ ስትል ኪስህ ውስጥ ተጨማድዶ አገኘችው። እኔ ደግሞ ሳያውቅ ቆርጦ ከቆሻሻ ጋር ጥሎት ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር። ለካ ታውቅ ኖሯል። መጣሉም ለእኔ መንገሩም አቅቶህ ወንድምህን ኪስህ ውስጥ ይዘህ ስትዞር ከርመሃል። ከመቀሱ ይልቅ ያናደደኝ ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን ያልረገጥከውም ለዚህ ነው፤ ስብሰባ አይደለም።

ለእናትህ አልደበቅኩም። «ጌዲዮን ቀናውን ቆርጦታል» አልኳት። እንደ እኔ ትቆጣለች ብዬ ነበር። ጣቷን በፎቶዋ መስታወት ላይ እየሳበች «ቀናውስ ሞቷል፣ አይመጣም። ጌዲዮን ምን ሆኖ ቀረ?» አለችኝ። በእሷም ተናደድኩ። ይሄንንም ጻፊው ብያታለሁ።

ቁራጩ አሁን በጨርቅ መሐል ከልብስ ሳጥኑ ሥር ተኝቷል። እኔ አልነካውም። የቆረጠው እጅ ይመልሰው። እሁድ ሰፋ ያለ ፍሬም ይዘህ ና፤ ከእናትህ ጎን ተቀምጠህ ወደ ቦታው ታስገባዋለህ። አውቶቡስ ካመለጠህ የወንድምህ አልጋ አለ፣ ታድራለህ። ምርቃቱን ያኔ አስብበታለሁ።

ድንቅነሽ ከታች ስሜን ልትጽፍ ነበር፤ ከለከልኳት። አውራ ጣቴን አትሜያለሁ። ይሄ እንኳ የማን እጅ እንደሆነ አትጠይቅም።